አጎንባሹ

ሐምሌ ነው፤ ነብራስካ፤ በቆሎው ሰው በልጧል፣
ካጥሩ ማዶ ቆሞ ሜዳው ላይ አፍጥጧል።
እኔም እንደ እርሱ ነኝ፤ ወዲህ ካጥሩ ጥግ
ቁጭ ብዬ አያለሁ የማላውቀውን ሕግ።
የእህል መኪናዬን ሦስት ቀን አቁሜ፣
አራት መቶ ዶላር ቆጥሬ፣ ፈርሜ፣
ያመጣሁት ልጄ፣ ዌንደል፣ ያ ረጅሙ፣
ታጥፎ ነው የዋለው፤ እንዲህ ነው አቋሙ።

እግሩን አንፈራጥጦ፣ ራሱን ዘቅዝቆ፣
ኳሷን በሁለት እጁ ከሣር ላይ አንቆ፣
በእግሮቹ መካከል ኋላውን ሲለቃት፣
ዐሥራ አምስት ያርድ ማዶ ሌላ ልጅ ሲጠብቃት፣
አሰልጣኙ ሰዓት በጣቱ ይጫናል፣
የሰከንድ ሽራፊ እንደ ወርቅ ይመዝናል፤
«ዜሮ ነጥብ ስምንት! ዛሬም ዘግይተሃል።»

ስትሪክለር ይሉታል፤ ጉልበቱ የተሰፋ፣
በወጣትነቱ ኳስ መትቶ የለፋ፤
ሲናገር ያጠረ፣ ሲቆጣ የረጋ፦
«እዚህ ስም አትሹ፤ ስም ካለ ነው አደጋ።
መቺው ቢስት እንኳ ነፋስ ያመካኛል፤
አጎንባሽ ሲስት ግን ስታዲየም ያየዋል።
ሾርባው ሲጣፍጥ ጨውን ማን ያነሣል?
አልጫ የሆነ ዕለት ስሙ ይታወሳል።»

ከዚያ ወዲያ ደግሞ፣ በሜዳው ግራ ጎን፣
አንዱ የሚማረው ኳስ መጣል ብቻ ነው።
መጣል! ሦስት ሰዓት፣ እግሩ ሳይነካት፣
እንደ እንቁላል ይዞ ሣሩ ላይ ሲጥላት።
አንዲት ልጅ፣ ማሪሶል፣ ብቸኛዋ ሴት ነች፣
ከአርባ ያርድ መታ ቋሚውን ዳሰሰች።
ከሥጋ ፋብሪካ አባቷ አድሮ መጥቶ
መኪናው ውስጥ ነው፣ አፉን ከፍቶ፣ ተኝቶ።
አጥር ያለፈች ኳስ ጣሪያውን ስትደልቀው
ተገላበጠ እንጂ እንቅልፉስ አልለቀቀው።

እውነቱን ልናገር፦ አፍሬ ነበረ።
«ልጅህ ምን ይጫወታል?» ሲለኝ ጎረቤቴ
«ይሮጣል» ብያለሁ፣ ዋሽቶ አንደበቴ።
ምን ልበል ኦርቪልን? ልጄ ሰው ፊት ጎንብሶ፣
መቀመጫውን ሰቅሎ፣ ኳስ ይሰዳል መልሶ?
እናቱ ከሄደች ቤታችን ወሬ የለም፤
«በላህ?» እለዋለሁ። ይለኛል «አልራበኝም።»

በሦስተኛው ማታ ተቀባዩ ታመመ፤
ፀሐይ አቃጠለው፣ ትውከት ደጋገመ።
ሜዳው ጭር ብሎ መሰለ በረሃ፤
ትስ-ትስ ይላል ቧንቧው እየረጨ ውሃ።
ዌንደል ወደ እኔ መጣ፣ ኳሷ ከብብቱ ናት፤
«አባ፣ ቁምልኝማ። ሃያ ብቻ ልላካት።»

ዐሥራ አምስቱን ያርድ በእርምጃው ለካና፣
በጫማው ጫፍ ጭሮ፣ «እዚህ ጋ» አለኝና፣
ሄደ። ጎነበሰ።
                    ከእግሮቹ መካከል
ፊቱ ብቅ አለልኝ፣ ተዘቅዝቆ፣ ቀልቶ፣
አገጩ ወደ ላይ፣ ፀጉሩ ሣር ነክቶ።

ስንት ዓመት ሆነው! እንዲህ ትኩር ብሎ አላየኝም፤
ቀና ባለ ጊዜ ዐይኑ ዐይኔን አይገጥምም።
አሁን ግን፣ ለእሱ፣ ከሣር የተንጠለጠልኩት፣
ባርኔጣዬን ቁልቁል ሰማይ የነከርኩት
እኔ ነኝ። አየኝ። እኔም አየሁት።

«ዝግጁ?» አለኝ። «ዝግጁ!» አልኩ፤ አልነበርኩም።

ድው! ደረቴን መታኝ፤ የፈረስ እርግጫ፤
ለትንፋሼ እንኳን ጠፋበት ማምለጫ።
ስንት እንደፈጀች ግን የለካት ሰው የለም።
«ይቅርታ አባ!» አለ፤ እንዳጎነበሰ ሳቀ፤
ሳቁም እንደ ፊቱ የተዘቀዘቀ።
«ድገም» አልኩት።
ሰባተኛዋን ነው መጨበጥ የቻልኩት።
ሃያ ያልነው ኳስ ስልሳ ሦስት ሆነ፤
በቆሎው ጠቆረ፣ ሰማዩም ዳመነ።

ሰኞ፣ እህል ሚዛን ላይ፣ ሙቀቱ ሲበዛ
የሸሚዜን ቁልፍ ፈትቼ ቆሜ ሳለሁ
ኦርቪል ደረቴን አየ፤ ሰማያዊ በልዞ፣
የኳሷን ስፌት ልክ፣ መስመር በመስመር ይዞ።
«ምን መታህ?» አለኝ።

«ልጄ» አልኩት፣ ቁልፌን ሳልዘጋ።